ቡና በግቢ ጥላ ሥር፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ቤቶች የአተካከልና የእንክብካቤ መመሪያ

ግቢያቸውን ማሳመር የሚፈልጉ ሰዎች ከስልካቸው አውጥተው የሚያሳዩት ፎቶ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቁመቱ ከጣሪያ የማያልፍ፣ ቅርንጫፉ በደረጃ የተዘረጋ፣ ቅጠሉ የቀላ ዛፍ። ጃፓን ሜፕል ነው። በእርግጥም ያምራል። ነገር ግን ይህ ዛፍ በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ ለወራት የሚያርፍበት ጠንከር ያለ ብርድ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ፀሐይ ነው። እረፍቱን ያላገኘ ሜፕል ከዓመት ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። ብዙ ብር አውጥቶ ማስመጣቱ አያዋጣም።

ሰዎች ከዚያ ዛፍ የሚፈልጉትን የሚሰጥ ሌላ ዛፍ እዚሁ አለን። ቡና። ቁመቱ መጠነኛ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያብረቀርቃል። በበጋው መጨረሻ ነጭ አበባ ለብሶ ግቢውን በሽታው ይሞላዋል። ከክረምት በኋላ ፍሬው ይቀላል። አንዱ ዛፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ብቻ ብትተክሉም ያፈራል።

ይህ ጽሑፍ ለቡና ገበሬ አይደለም። ከቤቱ ፊት ወይም ከጓሮው ሁለት ሦስት የቡና ዛፍ ለማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ነው። የምለው ዋና ነገር አንድ ነው፦ ቡና የጥላ ዛፍ ነው። በከተማችን ግቢዎች ሲሞት የማየው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ፣ ሌላው ሥሩ ላይ የሚተኛ የክረምት ውኃ። እነዚህን ሁለቱን ከፈታችሁ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ጥላውን

ዘጌ የሄደ ሰው ቡና እንዴት መኖር እንደሚፈልግ በዓይኑ አይቷል። ከጀልባ ወርዶ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ በቡና መካከል ነው የሚያልፈው። ቡናው ከላይ በትልልቅ ዛፎች ተሸፍኗል፤ ከሥር ደግሞ የረገፈ ቅጠል ተነጥፎለታል። የአካባቢው ትውፊት የዘጌን ቡና የገዳማቱ መሥራች ከሚባሉት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። መሬቱ በበሬ አይታረስም የሚለው የቆየ ልማድም ደኑን ጠብቆ አቆይቶታል። ከዚያ ደን ወደ ግቢያችን የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ከላይ የተወሰነ ጥላ፣ ከታች የረገፈ ቅጠል፣ ያልተነካካ አፈር።

ስለዚህ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ጥላ እዩ። ቀላል ዘዴ አለ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን፣ 6 ሰዓት ገደማ፣ ልትተክሉ ያሰባችሁበት መሬት ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ካበራ ቦታው ለለጋ ችግኝ ይከብዳል። ሙሉ በሙሉ ከጨለመ ቡናው ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም። ብርሃንና ጥላ ተቀላቅሎ፣ ግማሽ በግማሽ ዥንጉርጉር ሆኖ ከታየ ያ ቦታ የቡና ነው። ከዚያ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ እዩት። ቅጠል የሚያቃጥለው የዚያ ሰዓት ፀሐይ ነው። ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ የሚጠላ ቦታ፣ ማለትም የቤቱ ወይም የትልቅ ዛፍ ምሥራቃዊ ጎን፣ ለኛ ከተማ ምርጡ ነው።

የጥላ ዛፍን በተመለከተ ምርጫዬ ብርብራ ነው። ዘውዱ፣ ማለትም የቅርንጫፍና የቅጠል ክዳኑ፣ ዘርዘር ያለ ብርሃን ያሳልፋል። ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነም አፈሩን በናይትሮጅን ያግዛል። ዘሩን ግን ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ቦይ አትጣሉ፤ ዱቄቱ ዓሣ የሚያፈዝና የሚገድል ስለሆነ በጣና ለዓሣ ማጥመጃነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዋንዛም በጣም ጥሩ ነው፤ የሚረግፈው ቅጠሉ ቶሎ ስለሚበሰብስ ለቡናው ምግብ ይሆናል። ግራርም ያገለግላል።

በባሕር ዳር ግቢዎች በብዛት ያለው ማንጎ ነው። ማንጎ ጥላው ከባድ ነው። ከግንዱ ሥር ቡና አትትከሉ። ዘውዱ ከሚያልቅበት ጠርዝ ወጣ ብላችሁ፣ በምሥራቅ በኩል ትከሉት። አቮካዶም እንደዚያው ነው። ከባሕር ዛፍ አጠገብ ግን በፍጹም። ውኃውንም ምግቡንም ይሻማዋል።

ግቢው አዲስ ከሆነና አንድም ዛፍ ከሌለው አትቸኩሉ። አንድ ዓመት ቀድማችሁ ሰስባኒያ ትከሉ። በፍጥነት ያድጋል፤ በዓመት ውስጥ ከሰው ቁመት ያልፋል። ጎን ለጎን ዋንዛውን ወይም ብርብራውን ትከሉ። ቋሚው ጥላ ሲደርስ ሰስባኒያውን ትቆርጡታላችሁ። ፓፓያም ጊዜያዊ ጥላ ይሰጣል። ሙዝ ጥላው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ስለዚህ በበጋ ለሁለቱም የሚበቃ ውኃ ከሌላችሁ አታቀራርቧቸው።

ቦታውና አፈሩ

ከግድግዳ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ። ቡናው ሲያድግ ቅርንጫፉ በሁለቱም ጎን አንድ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በተለይ ከቆርቆሮ አጥር አትጠጉ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው የሚመልሰው ሙቀት በጥላ ውስጥ ያለ ቅጠልን ሳይቀር ያደርቃል። የጣሪያ ውኃ ከሚወርድበት መስመርም ራቁ።

ሌላው በከተማ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የግንባታ ፍርስራሽ ነው። ቤት ሲሠራ የተረፈው ስሚንቶ፣ ኖራና ስባሪ ብሎኬት ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚቀበረው። ቡና ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች፣ ከ5 እስከ 6.5 ቢሆን ይስማማዋል። ስሚንቶና ኖራ ያለበት አፈር ተቃራኒው ነው። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ የተተከለ ቡና አዳዲስ ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ፍግ ብትጨምሩለት አይድንም። መፍትሔው ቀድሞ ቆፍሮ ማየት፣ ፍርስራሹን አውጥቶ መጣል ነው። በዚሁ ምክንያት የምድጃ አመድ በየሳምንቱ ሥሩ ላይ የመድፋት ልማድ ካለ ይቅር። በዓመት አንዴ አንድ እፍኝ ብትበትኑ አይጎዳም፤ ክምር ግን ይጎዳል።

ከዚያ የውኃው ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ላይ ቀይ አፈርም ጥቁር ዋልካም አለ። ቀዩ ውኃ ያሳልፋል፣ ለቡና ይመቻል። ዋልካው ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይዞ ይቀራል። የቡና ሥር ውኃ ውስጥ መቆም አይችልም፤ አየር ያጥረዋል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የናንተ ግቢ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዝናቡ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ውኃ ሙሉት። ሲመጠጥ እንደገና ሙሉት። በማግሥቱ ጠዋት ውኃው እዚያው ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቡና አትትከሉ።

ያ ማለት ግን ቡና አይኖራችሁም ማለት አይደለም። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ትተክላላችሁ። ጥሩ ቀይ አፈርና ብስባሽ ቀላቅላችሁ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ ሜትር ተኩል የሚሆን መደብ ሥሩ። ጠርዙን በድንጋይ ያዙት፤ ድንጋዮቹን ግን በስሚንቶ አትለጥፏቸው፣ ውኃው ይውጣ። ከሐይቁ ዳር ቀረብ ያላችሁ ሰዎች አፈራችሁ ቀይ ቢሆንም መደቡን ብትሠሩ ይሻላል። ክረምቱ ሲገፋ የሐይቁ ውኃ ስለሚሞላ ከሥር ያለው ውኃም ወደ ላይ ይጠጋል።

ችግኝ መምረጥ

ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት የሆነው፣ ከ6 እስከ 8 ጥንድ ቅጠል ያለው ችግኝ ይበቃል። ረጅሙን አትምረጡ። ረጅምና ቀጭን ችግኝ ብዙ ጊዜ በጥላ ተጨናንቆ ያደገ ነው። ግንዱ እርሳስ ያህል የወፈረ፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የሆነውን ውሰዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ሥሩን እዩ። ፕላስቲኩን ከሥር ገልበጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ዋናው ሥር ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ውስጥ ገብቶ ከነበረ ሲነሣ ተበጥሷል ማለት ነው። የግንዱን ታች በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። አፈሩ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ችግኙ በቅርቡ ወደዚያ ፕላስቲክ የተዛወረ ነው፤ ሥር አልያዘም። ሲዛወር ዋና ሥሩ ወደ ላይ ታጥፎ ተቀብሮ ሊሆንም ይችላል። ሥሩ የታጠፈ ችግኝ ሁለት ዓመት ደህና ያድግና በሦስተኛው፣ ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ በበጋ ድንገት ይጠወልጋል። ውኃ ቢያጠጡትም አይመለስም።

ዝርያን በተመለከተ፣ ከዘጌና ከአካባቢው የመጣ ችግኝ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ለዚህ አየር የኖረ ነው። ቦታችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን 74110 ወይም 74112 ጠይቁ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡ፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙና ዘውዳቸው ሰብሰብ ያለ ዝርያዎች ናቸው። ለትንሽ ግቢ ይህ ሰብሰብ ማለታቸው ጥሩ ነው።

ከዘር ማፍላት ለሚፈልግም ይቻላል። ከጤነኛ ዛፍ ላይ በደንብ የቀላ ፍሬ ልቀሙ። ቀዩን ሽፋን በእጅ ፈልፍሉ፣ እጠቡት፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ አድርቁት። ወራት ሳይቆይ ዝሩት፤ የቡና ዘር እየቆየ ሲሄድ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ለመብቀል ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትገለብጡት።

ጉድጓዱ

ጉድጓዱ ቀድሞ ነው የሚቆፈረው። ሐምሌ ላይ የምትተክሉ ከሆነ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ቆፍሩ። ልኩ 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር። ስትቆፍሩ የላይኛውን ጠቆር ያለ አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ለዩ። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ፀሐይና አየር ያግኘው።

ከመትከላችሁ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ መልሳችሁ ሙሉት። አሁን የላይኛው አፈር ወደ ሥር ይገባል፤ ከሁለት እስከ ሦስት አካፋ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ትኩስ ፍግ አይሁን፣ ሥር ያቃጥላል። የጠላ አተላም ብስባሽ ውስጥ ገብቶ ይበስል እንጂ በቀጥታ አይደፋ። አፈሩን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ክመሩት፤ በዝናቡ ይቀመጣል። መሃሉ ላይ እንጨት ቸክሉ፣ በኋላ ቦታው እንዳይጠፋችሁ።

ከአንድ በላይ ከሆነ በመካከላቸው ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ተዉ።

መትከል

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ ስለዘነበ አትቸኩሉ። ዝናቡ ረግቶ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው ጊዜው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። ዳመና ያለበትን ቀን ወይም ወደ ማታ ያለውን ሰዓት ምረጡ።

ከመትከላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ችግኙን በደንብ አጠጡት። ከዚያ በሹል ምላጭ የፕላስቲኩን ታች ከነአፈሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ይህ ተጠማዝዞ የነበረ የሥር ጫፍ ካለ አብሮ ይቆርጠዋል። ለቡናው ጉዳት የለውም፤ አዲስ ሥር ያወጣል። በምላጩ የፕላስቲኩን ጎን ከላይ እስከ ታች ቅደዱ፤ ግን ገና አታውጡት። የተቸከለውን እንጨት ነቅላችሁ ለችግኙ የሚበቃ ቦታ ክፈቱ፣ ችግኙን አስገቡ፣ ከገባ በኋላ ፕላስቲኩን ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። አፈሩ ሳይፈርስ ይቀራል።

ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ቀብራችሁ አታስገቡት። አፈሩን በእጃችሁ መዳፍ ጫን ጫን አድርጉ፤ በእግር አትርገጡት። ብዙ ሰው ዙሪያውን ጎድጎድ አድርጎ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። ያ ለበጋ ነው። በሐምሌ ዝናብ ግን ግንዱ አካባቢ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይንሸራተት፣ ውኃው ከግንዱ ይራቅ። መስከረም ሲጠባና ዝናቡ ሲወጣ ያን ጊዜ ማጠጫ ክብ ትሠራላችሁ፤ እሱም ከግንዱ ራቅ ብሎ።

በዚያው ቀን አጥሩት። በግም ፍየልም ባይኖራችሁ ዶሮ አለ፤ ዶሮ አዲስ አፈር ካየች ጭራ ሥሩን ታወጣዋለች። በምዕራብ በኩል ደግሞ ቅጠል ያላቸው ቅርንጫፎች አዘንብላችሁ ቸክሉ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥሩ። ይህ ከለላ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆይ።

ጉዝጓዙ

ቡና ምግቡን የሚሰበስቡለት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይ ባለው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው። ፀሐይ ያንን አፈር ካገኘው ሥሩን ያደርቀዋል። ስለዚህ መስከረም ላይ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ ሥሩን በጤፍ ጭድ፣ በደረቀ ሣር፣ በዋንዛ ቅጠል ወይም በቡና ገለባ ሸፍኑት። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከግንዱ አንድ መዳፍ ስፋት ክፍት ተዉለት። ጉዝጓዝ ግንዱን ከነካ ልጡ ርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመጣል።

ከሐይቁ የሚወጣው እምቦጭ ብዙ ስለሆነና በነጻ ስለሚገኝ ለጉዝጓዝ የሚያስበው ሰው አለ። እኔ አልመክርም። ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ጠርጎ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ሐይቁ ቢመልሰው ሰው ጉልበቱን አፍስሶ ያወጣውን መልሶ መዝራት ነው።

ከግንዱ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ ንቀሉ። ዶማ አታስጠጉ። ዶማ ቀጫጭን ሥሮቹን ይበጥሳል፤ ግንዱንም ካቆሰለ ከታች ለምነግራችሁ በሽታ በር ይከፍታል።

ውኃና አበባ

በመጀመሪያውና በሁለተኛው በጋ ችግኙ ጥማት አይችልም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ዝናብ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር፣ ስጡት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሦስት ጊዜ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን አፈር ውስጥ አስገቡ። ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ዛሬን እለፉት። ቀትር ላይ ቅጠሉ ዘመም ቢል አትደንግጡ፤ ማታ ይቃናል። ጠዋት ስትነሡም ዘሞ ካገኛችሁት ግን በእርግጥ ጠምቶታል።

ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። አሁን ዛፉ ሊያብብ ነው፤ ለማበብ ደግሞ መጠማት ያስፈልገዋል። በየቀኑ በጎማ የሚጠጣ የግቢ ቡና ቅጠሉ ያምርና አበባው ተንጠባጥቦ፣ ዛሬ ሦስት ነገ አምስት እያለ ይወጣል። አበባው ባንድ ላይ እንዲፈነዳ ከፈለጋችሁ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ውኃውን ቀንሱ። ቅጠሉ ጠዋትም እስኪዘም ድረስ ግን አታድርሱት፤ እዚያ ከደረሰ ትንሽ ስጡት።

በዚህ ጊዜ ቅርንጫፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በየቅጠሉ ብብት ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ እምቡጦች ተሰብስበው ቆመዋል። አያድጉም፣ አይደርቁም። ውኃ እየጠበቁ ነው። መጋቢት ላይ ወይ ዝናብ ይመጣል፣ ወይ እናንተ ሁለት ሦስት ጀሪካን ባንዴ ታፈስሱለታላችሁ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እምቡጦቹ መርዘም ይጀምራሉ፤ አረንጓዴው ወደ ነጭ ይለወጣል። በ10 ቀን ገደማ አንድ ጠዋት ስትወጡ ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽታው አጥር ይሻገራል። የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ አትርጩ፣ ንቦቹ ይመጣሉ።

አበባው ከረገፈ በኋላ ማጠጣቱን አታቋርጡ። በሳምንት አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ ክረምት እስኪገባ ድረስ።

ምግቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፦ ሰኔ ላይና ነሐሴ መጨረሻ ላይ። ለአንድ ዛፍ ሁለት አካፋ የበሰለ ብስባሽ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ቅርንጫፉ በሚያልቅበት ዙሪያ በትኑ። ከቡና ጀበና የሚተርፈውን አተላም ብስባሹ ውስጥ ጨምሩት።

መግረዝ

ብዙ የግቢ ቡና የሚበላሸው በፍቅር በተያዘ መቀስ ነው። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ከዋናው ግንድ ወደ ጎን የወጣው ቅርንጫፍ አንዴ ከሥሩ ከተቆረጠ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ አይተካም። ለዘላለም ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ያሉትን የጎን ቅርንጫፎች «ለማጽዳት» ብላችሁ አትጨርሷቸው። መሬት የሚነካውን ብቻ አንሡ።

መቆረጥ ያለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ቡቃያ ነው። ከግንዱ ላይ ይወጣና ዛፉን ቁጥቋጦ ያደርገዋል። ጣት ሳያክል በእጃችሁ ቀንጥሱት። ዋናው ግንድ ከ1.8 ሜትር ሲያልፍ ጫፉን ቁረጡት። እጃችሁ ሳይንጠራራ ትለቅማላችሁ፤ ዛፉም ወደ ጎን ይሰፋል። የደረቀ፣ የተሰበረ፣ ወደ ውስጥ ተመልሶ የሚያድግ ቅርንጫፍ ካለ አውጡት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከለቀማ በኋላ፣ አበባው ሳይወጣ ነው። ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ስለሆነ ዘግይታችሁ ከገረዛችሁ የምትቆርጡት አበባውን ነው።

ዕድሜው ከ10 ዓመት አልፎ ቅርንጫፉ የተራቆተ ዛፍ ካላችሁ ጉንደላ ያድሰዋል። ከለቀማ በኋላ በበጋው ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት አዘንብላችሁ በስለታም መጋዝ ቁረጡ። ክረምት ላይ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ጠንካሮቹን ሁለት ብቻ አስቀሩ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያፈራል።

በሽታ ሲመጣ

ለይታችሁ ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ናቸው።

የቅጠል ዋግ ቀላሉ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ስታዩት ከጀርባው ብርቱካናማ ዱቄት አለ፤ በጣት ሲነካ ይይዛል። ፍሬ በዝቶበት የደከመ ዛፍ ላይ ይበረታል። ለሁለት ሦስት ዛፍ የተያዙትን ቅጠሎች ለቅሞ ማቃጠልና ብስባሽ ጨመር ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ይሰፋና ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል ወይም ደርቆ እዚያው ይንጠለጠላል። በርጥብና ቀዝቃዛ ወራት ይስፋፋል። ደርቆ የተንጠለጠለውን ለቅማችሁ አቃጥሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት በሽታ የሚነሣው ከሱ ነው። በየዓመቱ የሚመላለስ ከሆነ ለመርጨት ከማሰባችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አሳዩ።

ሦስተኛው ቡና አድርቅ ነው። ይህ ዛፉን ይገድለዋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ያለው ቅጠል ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ከዚያ መላው ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። ጥማት ነው ብላችሁ ውኃ አትጨምሩ። ከግንዱ ታች ልጡን በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርጉ። ጤነኛ እንጨት ነጣ ያለ ነው። ከልጡ ሥር ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሄደ ቀለም ካያችሁ ያ ዛፍ አይድንም። ከነሥሩ ነቅላችሁ እዚያው ቦታ ላይ አቃጥሉት፤ እየጎተታችሁ ግቢውን አታዙሩት። የተጠቀማችሁበትን ዶማ፣ ቢላና መጋዝ በእሳት አግሉት ወይም በአልኮል ጥረጉት። በዚያ ጉድጓድ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ቡና አትመልሱበት። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ስለዚህ ግንዱ ላይ ሚስማር መምታት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ማሰር፣ በገጀራ መንካት አይገባም። ለልጆችም ለሠራተኛም ይህን ንገሩ።

ለቀማ

ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከ7 እስከ 9 ወር ይወስዳል። ባንዴ አይቀላም። በየሳምንቱ እየተመላለሳችሁ የቀላውን ብቻ ልቀሙ፤ ቅርንጫፉን ይዛችሁ ወደ ታች አትግፈፉ፣ የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ አብሮ ይረግፋል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ ፍሬ አንድ ኪሎ ገደማ ጥሬ ቡና ይሰጣል። መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ሰሌን ወይም በወንፊት ሽቦ አልጋ ላይ ስሱ አድርጋችሁ አስጡት፣ በቀን ሦስት አራቴ አገላብጡት፣ ማታ ከጤዛ ሸፍኑት። አንዱን አንሥታችሁ ጆሯችሁ ሥር ስትነቀንቁት ውስጡ ከተንኳኳ ለመፈተግ ደርሷል። የመጀመሪያው ለቀማ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዓመት በፊት አይጠበቅም፤ በዚያ ዓመት ትንሿ ዛፍ ከአቅሟ በላይ ፍሬ ከያዘች ገና አረንጓዴ እያለ ከፊሉን አራግፉላት፣ ቅርንጫፎቿ ከጫፍ መድረቅ እንዳይጀምሩ።